ቢች ዛፍን በብርዱ ወራት ለይቶ ማወቅ፦ ከልጆች ጋር ጫካ ለሚወጡ ዝርዝር መመሪያ

ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ጫካዎች አብዛኛው ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ሲቆም፣ አንዱ ግን ቅጠሉን እንደያዘ ይከርማል። ቅጠሉ ደርቋል፤ ቀለሙ መጀመሪያ ነሐስ፣ ቆይቶ የገብስ ገለባ ይመስላል፤ ነፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። ግንዱ አመድማና ለስላሳ ነው። ይህ ቢች ነው፤ ሙሉ ስሙ አሜሪካን ቢች፣ ሳይንሳዊ ስሙ ፋገስ ግራንዲፎሊያ። በሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ከከተማ ሳይወጡ፣ መኪና ባይኖርም በአውቶቡስ ሄደው የሚያዩት ዛፍ ነው።

መመሪያው የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ለሚያስተምሩ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና ልጆቻቸውን ይዘው ለሚወጡ ወላጆች ነው። ቅጠል በሞላበት ወቅት ልጅ የሚያየው አረንጓዴ ብቻ ነው። ቅጠሉ ሲረግፍ ቅርፊቱ፣ የቅርንጫፉ አወጣጥ፣ እምቡጡ ይገለጣል፤ ዛፍን በዝርዝር ማየት የሚለመደው ያኔ ነው። ከዛፎች ሁሉ ደግሞ ለመጀመሪያ ቀን የሚመቸው ቢች ነው፤ ምልክቶቹ ጎላ ጎላ ያሉ፣ በእጅ የሚዳሰሱና በልጅ ቁመት የሚገኙ ናቸውና።

አንድ ነገር ከመነሻው ያዙ፦ ቅርፊቱ ከሩቅ ይጠራችኋል፣ ቅጠሉ ያቀርባችኋል፣ የሚፈርደው ግን እምቡጡ ነው። እምቡጡን ሳታዩ "ቢች ነው" አትበሉ፤ ልጆቹም እንዳይሉ አስለምዷቸው።

ስለ ቃላቱ ጥቂት

"ክረምት" የሚለውን ቃል እዚህ ትተነዋል። ልጆቹ ከአያቶቻቸው የሚሰሙት ክረምት ዝናብ፣ ጭቃና ልምላሜ ነው፤ የአሜሪካው ዊንተር ግን በረዶና ራቁት ዛፍ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራናቸው ልጁ ይምታታበታል። "የብርዱ ወራት" ወይም እንደተለመደው "ዊንተር" በሏቸው። "በጋ" ስንልም የአሜሪካውን ሞቃት ወቅት፣ ሰመርን ማለታችን ነው።

ቢች በኢትዮጵያ የሚበቅል አገር በቀል ዛፍ ስላልሆነ የአማርኛ ስም የለውም፤ ስም ፈጥራችሁ አትስጡት። አንዳንድ ወላጅ ግራጫውን ግንድ ሲያይ ሾላ ወይም ዋርካ ትዝ ይለዋል፤ ማነጻጸሩ ጥሩ ነው፣ ዝምድና ግን የላቸውም። ሾላና ዋርካ ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያወጣሉ፤ ቢች ወተት የለውም። ዘመዱ ኦክ ነው። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ስሙን ሲሰሙ የባሕር ዳርቻ የሚመስላቸውም አሉ፤ ድምፁ አንድ ነው፣ አጻጻፉ ይለያል።

የአካሎቹ ስም ግን በአማርኛ ሞልቷል፤ ልጆቹም በዚህ አጋጣሚ ይማሩት፦ ግንድ፣ ቅርፊት፣ ቅርንጫፍ፣ ቀንበጥ፣ እምቡጥ፣ ሥር። ጠዋት በክፍል ውስጥ የተጻፈ ቃል ከሰዓት በኋላ በእጅ ሲዳሰስ አይረሳም።

ከመውጣታችሁ በፊት

ለ6 ልጆች አንድ አዋቂ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆኑ ሁሉም አንድ ቀንበጥ ዙሪያ ሊቆሙ ስለማይችሉ የኋለኞቹ ይሰለቻሉ። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦

- 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ ቢቻል ለሁለት ልጅ አንድ፤
- የልብስ ሰፊ ሜትር (150 ሴንቲ ሜትር የሆነው)፣ ለትልልቅ ግንዶች ደግሞ 4 ሜትር ያህል ሲባጎ፤
- ትንሽ ማስመሪያ፤
- ነጭ ወረቀትና እርሳስ፤
- ጣቱ የሚከፈት ጓንት፤ እምቡጥ በወፍራም ጓንት አይዳሰስም፤
- ትኩስ ሻይ በፔርሙስ።

ውጪ የምትቆዩበት ከአንድ ሰዓት ብዙ አይለፍ። ከዜሮ ዲግሪ በታች ከሆነ ወደ 40 ደቂቃ አሳጥሩት፤ የልጅ ጣት ከደነዘዘ በኋላ ትምህርት የለም። በታኅሣሥ ፀሐይ ቶሎ ስለምትጠልቅ ረፋድ ላይ ውጡ። ብርቱ ነፋስ ባለበት ወይም ቅርንጫፍ ላይ በረዶ በከበደበት ቀን ጫካ አትግቡ፤ የሞተ ቅርንጫፍ የሚወድቀው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው ፖይዝን አይቪ የሚባለው ሐረግ ነው፤ በዊንተር ቅጠል ባይኖረውም የሚያሳክከው ዘይቱ በሐረጉ ውስጥ አለ። ግንድ ላይ የተለጠፈ፣ ጎኑ እንደ ገመድ ጭረት በቡናማ ፀጉር የተሸፈነ ሐረግ ካያችሁ አትንኩ፣ ልጆቹንም አስቀድማችሁ አሳዩ። ሁለተኛው መዥገር ነው፤ ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ባለበት ቀን በዊንተርም ይንቀሳቀሳል። ሱሪ ካልሲ ውስጥ ይግባ፤ ቤት ሲደርሱ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብትና ጉልበት እጥፋት ይታይ። ሦስተኛው ሕጉ ነው፤ ሮክ ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1890 የተቋቋመ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ቀንበጥ መቁረጥም ሆነ ቅጠል ይዞ መሄድ አይፈቀድም። እዚያው አይታችሁ እዚያው ተዉት።

ደረጃ 1፦ ከሩቅ መፈለግ

ከመንገዱ ሳትወጡ ቁሙና ልጆቹ ከጉልበት እስከ ሁለት ሰው ቁመት ባለው ከፍታ ላይ ገለባማ ቅጠል የያዘ ዛፍ እንዲፈልጉ ጠይቋቸው። ቢች ቅጠሉን የሚይዘው በተለይ በወጣትነቱ ነው፤ ትልቁም ቢሆን በታችኛው ቅርንጫፎቹ ላይ እንጂ በአናቱ ላይ እምብዛም አይተውም። ስለዚህ ወደ ላይ አንጋጦ የሚፈልግ ያልፈዋል። ፀሐይ ከዛፎቹ ጀርባ ዝቅ ብላ ስትሆን ስስ ቅጠሎቹ ያበራሉ፤ ከ50 ሜትርም ይለያሉ።

ቦታውም ይረዳል። ቢች ርጥበት ያለው ነገር ግን ውኃ የማይተኛበት አፈር ይወዳል። ወንዙ ሲሞላ ከሚጥለቀለቀው ሜዳ ይልቅ ከወንዙ ከፍ ባለው ዳገት፣ በተለይ ጥላ በሚበዛበት ወደ ሰሜን በዞረው ጎን ፈልጉት። ወንዙ ዳር ቆሞ ግንዱ ነጭና ልጥ ልጥ እያለ የሚላጠው ዛፍ ሳይካሞር ነው።

ደረጃ 2፦ ግንዱን በእጅ ማወቅ

ልጆቹ ጓንታቸውን ያውልቁና መዳፋቸውን ግንዱ ላይ ያሳርፉ። የቢች ቅርፊት ስስ፣ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው፤ ቀለሙ ከፈዛዛ ብርማ እስከ አመድማ ግራጫ። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ ላይ የዝሆን ጉልበት የመሰለ ሽብሽብ አለ። አጠገቡ ያለ ኦክ ወይም ቱሊፕ ፖፕላር ፈልጉና ወዲያው ሌላውን እጅ እዚያ ላይ ያሳርፉ፤ አንዱ እጅ ልሙጥ፣ ሌላው እንደ ታረሰ መሬት ሲሆንበት ልጁ ልዩነቱን ራሱ ይናገራል።

ቅርፊቱ ለምን ለስላሳ እንደሆነ ሊጠይቁ ይችላሉ። ብዙ ዛፍ ሲወፍር አሮጌው ቅርፊት እየተሰነጠቀ ይደራረባል። ቢች ግን ስሱን ቅርፊቱን ከግንዱ ውፍረት ጋር እያሰፋ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል፤ የሚያድገውም ቀስ ብሎ ነው። ባሕር ዛፍን የሚያውቅ ወላጅ ካለ እሱም ለስላሳ መሆኑን ያስታውሳል፤ ነገር ግን ባሕር ዛፍ ይላጣል፣ ጤነኛ ቢች አይላጥም።

ይኸው ልስላሴ ዛፉን ጎድቶታል። በመንገድ ዳር ያለ ትልቅ ቢች ላይ ሰዎች በቢላ የቀረጹት ስም የሌለበት አይገኝም ማለት ይቻላል። ቁስሉ አይጠፋም፤ ለበሽታም በር ይከፍታል። ልጆቹን ዝም ብላችሁ "አትቅረጹ" ከማለት አንድ አሮጌ ፊደል አሳዩና "ይህ ሲጻፍ ዛፉ ትንሽ ነበር፤ ታዲያ ፊደሉ ለምን ወደ ላይ አልሄደም?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ልጅ ዛፍ እንደ ሰው ከታች ወደ ላይ የሚሳብ ይመስለዋል። ዛፍ ቁመት የሚጨምረው በጫፎቹ ብቻ ነው፤ ግንዱ ወደ ጎን ብቻ ይወፍራል። ፊደሉ በተቀረጸበት ከፍታ ላይ ሆኖ እየሰፋ የሄደው ለዚህ ነው።

ግንዱ ዙሪያ ልጆች ሲሰበሰቡ የሚረገጠውን ልብ በሉ። የቢች ሥር ወደ ጥልቅ አይወርድም፤ ከአፈሩ ገጽ አጠገብ ይዘረጋል። ሁለት ሁለት ሆነው ይቅረቡ፤ ሥሩ ላይ አይዘለል።

ደረጃ 3፦ እምቡጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከአንድ ሰዓት ጉዞ ቢያንስ 20 ደቂቃ ለእምቡጡ ይሁን።

በትልቅ ቢች ላይ እምቡጡ ከእጅ በላይ ከሆነ ዙሪያውን እዩ። ቢች ከሥሩ ቡቃያ ስለሚያወጣ፣ ከወደቀ ፍሬም ስለሚበቅል፣ አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ የልጅ ቁመት ያላቸው ችግኞች አሉ። አንዱን ቀንበጥ ሳትቆርጡ በሁለት ጣት ደግፉና ከጀርባው ነጭ ወረቀት ያዙ። ነጩ ወረቀት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ያለ እሱ ግን ቡናማው እምቡጥ ከቡናማው የጫካ ወለል ጋር ይዋሐድና ልጁ የሚያየው ነገር አይኖርም።

የሚታየው ይህ ነው፦ ቀንበጡ ቀጭን ሲሆን ከእምቡጥ ወደ እምቡጥ ሲሄድ በትንሹ ዚግዛግ ይሠራል። እምቡጦቹ ተራ በተራ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ናቸው፤ ሁለቱ ፊት ለፊት አይወጡም። እያንዳንዱ እምቡጥ ከ1.5 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ውፍረቱ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉ ስፌት የምትሰፋ እናት የምትይዘው ወስፌ ነው የሚመስለው፤ ጣት ሲነካው ይሰማል። ደግሞም ቀንበጡ ላይ አይተኛም፤ ተገንጥሎ ወደ ውጪ ይቆማል።

አሁን ሌንሱን አውጡ። ሌንስ ወደ ዓይን ይቀርባል እንጂ ወደ ዕቃው አይደለም፤ ልጆች ሁልጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሌንሱን ጉንጭ አስነክተው ቀንበጡን ወደ ሌንሱ ያምጡ። እምቡጡ አንድ ወጥ አለመሆኑን ያያሉ፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት እርስ በርስ የተደራረቡ ከ10 በላይ የሆኑ መዳብማ ልባሶች አሉት፤ የአንዳንዱ ጠርዝ ፈዛዛና ስስ ፀጉር ያለው ነው። ይህ ካፖርቱ ነው።

ውስጡን ማየት ከፈለጋችሁ ነፋስ ሰብሮ የጣለውን ቀንበጥ መሬት ላይ ፈልጉ። በጥፍር ከሥሩ ጀምራችሁ ልባሱን አንድ በአንድ ላጡ፤ ልጆቹ ጮክ ብለው ይቁጠሩ። ሲያልቅ ብርማ ሐር የመሰለ ፀጉር ይወጣል፤ በዚያ መሐል አረንጓዴ ነገር አለ። ሌንሱን አቅርቡ፦ እንደ ማራገቢያ በእጥፍ እጥፍ የታጠፈ፣ የጥፍር ያህል የማይሞላ ቅጠል ነው። በሚያዝያ የሚዘረጋው ቅጠል ባለፈው በጋ ተዘጋጅቶ በብርዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይጠብቃል። ልጅ "ዛፉ ሞቷል?" ብሎ ከጠየቀ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ፍርዱ በሦስት ጥያቄ ያልቃል፦ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል? ጫፉ ሹል ሆኖ ብዙ ልባስ አለው? ከቀንበጡ ተገንጥሎ ቆሟል? ለሦስቱም "አዎ" ከሆነ ቢች ነው። አንዱ "አይደለም" ከሆነ ቅርፊቱ ምንም ቢመስል ቆም ብላችሁ እንደገና እዩ።

ከእምቡጡ ሳትርቁ አንድ ሥራ አለ፤ ለልጆች ከሁሉ የሚጥመው እሱ ነው። ከቀንበጡ ጫፍ ወደ ግንዱ ስትመለሱ ክር የተጠመጠመ የሚመስል ጠባብ ቀለበት ታገኛላችሁ። ያለፈው ሚያዝያ እምቡጥ ሲከፈት ልባሶቹ የወደቁበት ጠባሳ ነው። ከጫፉ እስከዚያ ቀለበት ያለው እንጨት የአንድ ዓመት ዕድገት ነው። ቀጥሉ፤ ሌላ ቀለበት አለ፣ ሌላም። በጥላ ያደገ ቢች በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚጨምር በአንድ ክንድ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆጠራል። የ8 ዓመት ልጅ 8 ቀለበት ወደ ኋላ ቆጥሮ ሲደርስ እሱ በተወለደበት ጊዜ የበቀለውን እንጨት በጣቱ ይዟል።

ደረጃ 4፦ የደረቀው ቅጠል

ቅጠሉ ስስ ወረቀት ነው፤ ሞላላ፣ ጫፉ ሹል፣ ርዝመቱ በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር። ወደ ብርሃን አንሡትና ከመሐል ጅማቱ የሚወጡትን ቀጥ ያሉ ጅማቶች በአንድ ጎን ቁጠሩ፤ ከ9 እስከ 14 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ጅማት ሳይታጠፍ ጠርዙ ድረስ ይሄድና በአንዲት ጥርስ ያልቃል። ጅማትና ጥርስ እኩል ነው፤ ልጆቹ ሁለቱንም ቆጥረው ያረጋግጡ።

ለምን አልረገፈም? ሌላው ዛፍ በመጸው ወራት በቅጠሉ እግር ላይ የሚለያይ ሽፋን ይሠራና ቅጠሉን ይለቃል። ቢች ይህን ሥራ ሳይጨርስ ብርዱ ይደርስበታል፤ ቅጠሉ ሞቶ እንደተንጠለጠለ ይቆይና አዲሱ ሲመጣ ይወድቃል። ዛፉ ከዚህ ምን ይጠቀማል የሚለውን ለልጆቹ ተዉላቸው። ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አንዱ ደረቁ ቅጠል እምቡጡን ከአጋዘን አፍ ይከልላል ይላል፤ ሌላው ቅጠሉ በጸደይ ሲወድቅ ዛፉ በሚፈልግበት ሰዓት አፈሩን ያዳብራል ይላል። አጋዘን ከምን ከፍታ በታች እንደሚበላ አስበው፣ ቅጠሉ ከየት እስከ የት እንዳለ አይተው ይከራከሩ።

ደረጃ 5፦ ከዛፉ ሥር

ወለሉን በእግር ገለጥ አድርጉ። ቡናማ፣ በአራት የተከፈለ፣ ላዩ በማይወጋ ለስላሳ እሾህ የተሸፈነ ገለፈት ካገኛችሁ የቢች ፍሬ ቤት ነው። በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ ጎኑ ሦስት የሆነ አብረቅራቂ ፍሬ ይኖር ነበር፤ ሽኮኮና ወፍ ስለሚቀድሙ ብዙ ጊዜ ባዶውን ታገኙታላችሁ። ዛፉ ፍሬ በብዛት የሚሰጠው በየዓመቱ ስላልሆነ ባይገኝም ምልክት አይደለም። አለርጂ ያለበት ልጅ ሊኖር ስለሚችል የተገኘውን አያስቀምሱ።

ሌላው ምልክት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ከሥሩ አካባቢ ከስንዝር እስከ ክንድ የሚደርስ፣ ቅጠል የሌለው፣ ቡናማ ቀጭን ጭራሮ በቡድን ቆሞ ካያችሁ ቢችድሮፕስ የሚባለው ተክል ነው። አረንጓዴ የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከቢች ሥር ብቻ ነው። እሱ ካለ ቢች በቅርቡ አለ።

የሚያምታቱ ዛፎች

*ኦክ።* ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረው በእሱ ነው፤ ደረቅ ቅጠሉን እሱም ይይዛልና። ቅጠሉ ግን ወፍራምና ብዙ ጊዜ ጎድጎድ ያለ ጠርዝ ያለው ነው። እምቡጦቹ አጭርና ድፍን ሆነው በቀንበጡ ጫፍ ላይ ይሰበሰባሉ።

*ሆርንቢም።* ቅርፊቱ ለስላሳና ግራጫ ነው፤ ግንዱ ግን ክብ አይደለም፣ ክብደት የሚያነሣ ሰው ክንድ ይመስል ጡንቻው ይወጣል። ትንሽ ዛፍ ነው፤ ወንዝ ዳር ይወዳል። እምቡጡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዘመዱ ሆፕሆርንቢምም በወጣትነቱ ቅጠል ይይዛል፤ ቅርፊቱ ግን በቀጫጭን ቁራጭ ይነሣል።

*ወጣት ሬድ ሜፕል።* ከሩቅ ፍጹም ቢች ነው የሚመስለው። እምቡጦቹ ግን ቀይ፣ ድቡልቡልና ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት የሚወጡ ናቸው።

*ሰርቪስቤሪ።* እምቡጥን ብቻ አይተው ለሚፈርዱ ወጥመድ ነው፤ እሱም ሹልና ረዘም ያለ እምቡጥ አለው። ነገር ግን ልባሱ ጥቂት ነው፣ ቀላ ይላል፣ ቀንበጡ ላይም ይለጠፋል። ቅርፊቱ ላይ ቁልቁል የሚሄዱ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉ።

ሆሊ ግራጫ ለስላሳ ግንድ ቢኖረውም በዊንተርም አረንጓዴና እሾሃማ ቅጠል ስላለው ችግር የለም።

ስሕተት የሚመጣባቸው ቦታዎች

በበጋ የተሰበረ ቅርንጫፍ የማንኛውም ዛፍ ቢሆን ቅጠሉን ይዞ ይደርቃል። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቅጠል ይዞ ሌላው ባዶ ከሆነ ጠርጥሩ። ቀንበጡን ቀስ አድርጋችሁ አጉብጡ፤ ሕይወት ያለው ይለመጣል፣ የሞተው ይሰበራል።

ከትልቁ ግንድ አጠገብ ያለችው ችግኝ የእሱ ልጅ ላትሆን ትችላለች። የትልቁን ስም በችግኟ እምቡጥ አትወስኑ፤ የራሱን ቅጠል ወይም ገለፈት አግኙ፣ ወይም በመነጽር ወደ ላይ እዩ።

ዝናብ የመታው ቅርፊት ከወትሮው ይጠቁራል። ነጭና አረንጓዴ የዛፍ ሽበትም (ላይከን) ይለብሳል፤ ግንዱን በአንድ ጎን ብቻ አይታችሁ አትተዉ፣ ዙሩት። ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጥቀርሻ የጠቆረ ወፍራም ነገር ካያችሁ ዛፉ አልተቃጠለም፤ ትንንሽ ነፍሳት በበጋ የተዉት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው።

የስልክ መተግበሪያ በቅርፊት ፎቶ ብቻ ሲጠየቅ በቀላሉ ይሳሳታል። እምቡጡን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ አንሡት፤ መልሱንም በሦስቱ ጥያቄ ፈትኑት። ስልኩ ከልጁ ዓይን በኋላ ይምጣ።

የበሽታ ምልክት

ቢች ዛሬ ችግር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኦሃዮ የታየው የቢች ቅጠል በሽታ ወደ ምሥራቅ ተዛምቶ በ2021 ቨርጂኒያ ደርሷል። መንሥኤው በዓይን የማይታይ ትል ነው፤ ብርዱን የሚያሳልፈውም እምቡጡ ውስጥ ነው። ምልክቱ በበጋ በደንብ ይታያል፤ ቅጠሉን ከሥር ወደ ብርሃን ስታዩት በጅማቶቹ መካከል ጠቆር ያሉ ወፋፍራም መስመሮች አሉ። ስለዚህ የግል ግቢ ውስጥም ቢሆን የቢች ቀንበጥ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ አትውሰዱ፤ ከጫካ ስትወጡ ጫማ አራግፉ።

ግንዱ ላይ ነጭ የጥጥ ነጠብጣብ ካያችሁ በጥፍር ንኩት። ከተለጠፈና ካልተነሣ ምንም የማይጎዳ ሽበት ነው። እንደ ሰም ከተቀባ በቅርፊቱ የሚመገብ ነፍሳት ነው፤ እሱ በሚከፍተው ቁስል ፈንገስ ይገባል። በሁለቱም ምልክት ፎቶ አንሥታችሁ ለፓርኩ ሠራተኞች አሳውቁ።

ዕድሜውን መገመት

ሜትሩን ወይም ሲባጎውን ከመሬት 137 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በግንዱ ዙሩ። ዳገት ላይ ከሆነ ከላይኛው በኩል ለኩ። ያገኛችሁትን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር በ0.75 አባዙ፤ በጫካ ላደገ ቢች የዓመቱ ግምት ያ ነው። ዙሪያው 160 ከሆነ 120 ዓመት ገደማ ነው። ልጆች ሦስት አራተኛ ማግኘት ከቻሉ ማባዣ አያስፈልጋቸውም፤ 160ን ለ4 ከፍለው ለ3 ያባዙ። ሜዳ ላይ ብቻውን ብርሃን ጠግቦ ያደገ ዛፍ ፈጥኖ ስለሚወፍር ግምቱ ከእውነተኛው ዕድሜ ከፍ ይላል።

በአውሮፓ ላላችሁ

በጀርመን፣ በእንግሊዝ ወይም በደቡብ ስዊድን ከሆናችሁ የምታገኙት የአውሮፓ ቢች ነው፤ ፋገስ ሲልቫቲካ። እምቡጡና ቅርፊቱ ያው ነው፣ ቅርፊቱ ጠቆር ይላል። ቅጠሉ ላይ ጅማቱ ያነሰ፣ ከ5 እስከ 9 ሲሆን ጠርዙ ጥርስ የለውም፣ ይሞገዳል። እዚያ የሚያምታታው የአውሮፓው ሆርንቢም ነው፤ እምቡጡ ወደ ቀንበጡ ጎብጦ ይተኛል። በአሜሪካ ከተሞችም መናፈሻና የአሮጌ ቤቶች ግቢ ውስጥ የአውሮፓው ተተክሏል፤ ስለዚህ ከጫካ ውጪ ያገኛችሁትን ቢች ጅማቱን ሳትቆጥሩ "አሜሪካን" አትበሉት።

ተመልሳችሁ ስትሄዱ

እያንዳንዱ ልጅ አንድ እምቡጥ ይምረጥ፤ ርዝመቱን ለክቶ፣ ሥሎ፣ ዛፉ ከመንገዱ ምልክት ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ጽፎ ይያዝ። ዛፉ ላይ ክር አትሰሩ። በየካቲትና በመጋቢት ስትመለሱ እዚያው እምቡጥ ይለካ፤ መጀመሪያ ለውጥ አይታይም፣ ቆይቶ ይወፍራል፣ ልባሶቹም ይላቀቃሉ። በሚያዝያ አጋማሽ ከሳምንት በላይ አትዘግዩ፤ አሮጌው ቅጠል የሚወድቀውና ማራገቢያው የሚዘረጋው በጥቂት ቀን ውስጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ አዲሱ ቅጠል ሲነኩት እንደ ሐር ይለሰልሳል፣ ጠርዙም በነጭ ፀጉር የተከበበ ነው።